የምቦኒሲ ቅዳሜ

ቡላዋዮ፣ እሑድ ኤፕሪል 26 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.

ምቦኒሲ፣

እንዴት ነህ? ይህን ደብዳቤ መልእክታችንን ለሚያደርስልን ለሹፌሩ ለዱቤ አልሰጠውም፤ ዱቤ እስከ ጆሃንስበርግ እንጂ አንተ ያለህበት ድረስ አይነዳም። ለአባታችን ታናሽ ወንድም ለትንሹ አባታችን ልጽፍ ቁጭ ብዬ ሳለ እጄ አስቀድሞ ያንተን ስም ጻፈ። ወረቀት ማባከን አልወድም፤ ስለዚህ ቀጠልኩ።

አልጋህ ላይ ማንም አልተኛም። የእኔ ደብተሮች ናቸው የተኙበት። እናታችን በየማለዳው ታነሳቸውና አልጋውን ታነጥፋለች፤ እኔ ማታ እመልሳቸዋለሁ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ቱሪስት ከሚበዛበት ከፏፏቴው አገር የሽቦ መጫወቻ አውቶቡሶችህን ሸጠህ ስትመለስ፣ ሻንጣህን እንኳ ሳትፈታ ነው ወባው የጣለህ። ዐሥራ አንድ ቀን ታመህ ሄድክ። ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነ። ሻንጣው አሁንም እንደታሰረ ነው።

ትናንት ዲዛይን ሙዚየሙ ሄጄ ነበር። መግቢያው ላይ ማስታወቂያህ አልተነሳም፦ «የሽቦ መኪና ሥራ ከምቦኒሲ ሲዚባ ጋር፤ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ከሰባት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ለሆኑ ልጆች።» ከሥሩ አንድ ልጅ በእርሳስ «መቼ ነው የሚመለሰው?» ብሎ ጽፏል። ዘበኛው ሽማግሌው ፊሪ፣ «አንሳው ያለኝ ሰው የለም፤ ያለኝም ቢኖር ወገቤን ያመኛል» አለኝ።

ወይዘሮ ንኩቤ ቢሯቸው አስገብተው ሻይ ሰጡኝ። እንደምታውቀው የሕዝብ ፕሮግራሙን በሙሉ የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ እንደዚያም ሆኖ ሻዩን ራሳቸው ነው የቀዱልኝ። ከዚያ ቅዳሜህን እንድይዝ ጠየቁኝ። «ዐሥራ አራት ልጆች ተመዝግበው ቀርተዋል። ያንተንም እጅ አይቻለሁ» አሉ። እሺ አልኳቸው። መጀመሪያ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን እየጠየቅኩህ ነው። መልስ ካልላክህ እሺ እንዳልክ እቆጥረዋለሁ፤ ቤት ውስጥም ስትስማማ ዝም ነበር የምትለው።

ወንድምህ ቱቤሊህሌ


ቡላዋዮ፣ የዚያው ዕለት

ጆሃንስበርግ ለሚኖሩት ለተከበሩ ትንሹ አባቴ ለማሉንጊሳ ሲዚባ፣

የሚበይዱት ብረት ብልጭታ ዓይንዎን፣ የከተማው ብርድ ደረትዎን ሳይነካው ይህ ወረቀት እጅዎ እንዲገባ እጸልያለሁ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ወደ ስፌት ፋብሪካ ሥራዋ ተመልሳለች። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ፎርም ነኝ፤ በሒሳብ ከክፍሉ አራተኛ ወጥቻለሁ። በታሪክ ስንተኛ እንደወጣሁ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ትንሹ አባዬ፣ የምጽፍልዎ ስለ አካፋዎቹ ነው። የምቦኒሲ መቃብር የተቆፈረባቸው አካፋዎችና ዶማዎች እስካሁን አልታጠቡም። እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ የቤቱ ታላቅ ወንድ ባለበት አካፋው ካልታጠበ የሟች ዕቃ አይከፋፈልም፣ ማንም አይነካውም። አባታችን ካረፈ ወዲህ ታላቁ ወንድ እርስዎ ነዎት። አክስቴ ኖማቴምባ የምቦኒሲን ፒንሳ ከአካፋዎቹ ጋር ጓዳቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል፤ ሲተኙም አይፈቱትም ይባላል።

ሙዚየሙ የምቦኒሲን የቅዳሜ ትምህርት እንድይዝ እንደጠየቀኝ ነገርኳቸው።

«በምን እጅህ?» አሉኝ።

«በሁለቱም።»

«አፈኛ! አካፋው ሳይታጠብ የወንድምህን ሥራ በብረት አትነካም።»

«በምቦኒሲ ፒንሳ አይደለም እኮ፤ ወይዘሮ ንኩቤ አዲስ ሊገዙልኝ ነው።»

«ፒንሳ ሁሉ ወንድማማች ነው» አሉና በሩን ዘጉብኝ። የአባት እኅት ለምን «ሴቷ አባት» እንደምትባል ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ።

ትምህርቱ ሜይ 16 ቅዳሜ ይጀምራል። እባክዎ ከዚያ በፊት ይምጡልን። ለአንድ ቀን ብቻ እንኳ ቢሆን። ምቦኒሲ እስኪታመም ድረስ ያን ትምህርት ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ አላጓደለም። በእኔ እጅ እንዲዘጋ አልፈልግም።

ልጅዎ ቱቤሊህሌ


ጆሃንስበርግ፣ ሜይ 9 ቀን 1998

ለልጄ ለቱቤሊህሌ፣ ለሲዚባ ቤት ቀጭኑ ምሰሶ፣

የአባቶችህ ጥላ ከራስህ አይለይ፤ እናትህንም ጉልበቷን ያጽናላት። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጽሕፈትህ ከአባትህ ይሻላል፤ እሱ ሲጽፍ ዶሮ ቀለም ነክታ የሄደችበት ነበር የሚመስለው።

መምጣቱን በሚመለከት፣ አለቃዬ አሁን ፈቃድ አይሰጥም። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ሌባ ስለሚፈራ መስኮት ሁሉ ፍርግርግ ይፈልጋል፤ ፍርግርጉን የሚበይደው ደግሞ ትንሹ አባትህ ነው። ምናልባት በሚቀጥለው ወር። ለእኅቴ እንዲህ ብለህ ሰላም በልልኝ፤ ቁልፉ አንገቷን እንዳይጫናት እንቅልፍ ሲወስዳት ወደ ጎን ታዙረው።

ሁለት ነገር ላክልኝ። አንደኛ የምንበላውን የደረቀ የሞፓኔ ዛፍ ትል፤ እዚህ የሚሸጡት አሸዋውን ሳያራግፉ ስለሆነ ጥርሴ አለቀ። ሁለተኛ የምቦኒሲን ፎቶግራፍ፣ ቆሞ የተነሳውን። እኔ ዘንድ ያለው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ያን ፒንሳ በሰጠሁት ቀን የተነሳው ነው። ፒንሳው ከክንዱ ይረዝም ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔና አባትህ ልጆች ሳለን ፒንሳ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም። በር ግን ነበረን። ሽቦውን በበሩ ማጠፊያ ስንጥቅ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ በሩን ቀስ ብለህ ትገፋዋለህ፤ ሽቦው አንተ የምትፈልገውን ያህል ይታጠፋል። መቁረጥ ከፈለግህ እዚያው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልሰዋለህ፤ ይሞቃል፣ ይነጣል፣ ይበጠሳል። አንድ ሙሉ የጭነት መኪና ያለ ምንም መሣሪያ ሠርተናል። አያትህ በሩ ለምን እንደማይገጥም እስኪሞት ድረስ አላወቀም።

ማጠፊያው የበሩ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። እኅቴ ስለ በር ያለችው ነገር የለም። ጠይቀህ አታስታውሳት።

ትንሹ አባትህ


ቡላዋዮ፣ እሑድ ሜይ 17 ቀን 1998

ለተከበሩ ትንሹ አባቴ፣

ዓይንዎ ብሩህ፣ ጥርስዎ ብርቱ ይሁን። የሞፓኔውን ትል እናቴ ሁለት ጊዜ አራግፋዋለች። ፎቶግራፉ በወረቀት ተጠቅልሎ ከትሉ ሥር ነው፤ ዱቤ ትሉን በመንገድ ቢቀማምስ እንኳ እዚያ ድረስ አይደርስም።

ትናንት የምክርዎን ፍሬ አየሁ።

ዐሥራ አራቱም ልጆች መጡ። ወይዘሮ ንኩቤ ከጉዌሩ ከተማ የመጡ መምህራንን እያስጎበኙ ስለነበር ሽማግሌው ፊሪን አብሮኝ አስቀመጡት። መጀመሪያ ሽቦውን በክፍሉ በር ማጠፊያ ውስጥ አስገብቼ ጎማ ስሠራ አሳየኋቸው። ትንሹ አባዬ፣ ቢያዩዋቸው! አጨበጨቡ። ምቦኒሲ በፒንሳ ሲያሳያቸው አጨብጭበው አያውቁም ብሎኛል ፊሪ። ከዚያ ግን ዐሥራ አራት ልጆች በአንድ በር ፊት ተሰለፉ፤ ግፊያው በዛ፤ እኔም ሞኙ «ሌላ በር ያገኘ በሌላ በር ይሥራ» አልኩ።

ሙዚየም ውስጥ በር ሁሉ በር እንዳልሆነ ረስቼ ነበር።

ኖሲሳ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች፤ አጭርና ወፍራም ሽቦ የምትወድ። እሷ ታላቁ አዳራሽ ውስጥ ከድሮ የባቡር ፉርጎ የተነቀለ የብረት በር፣ ቁጥርና ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ገመድ ታጥሮለት አገኘች። ማጠፊያው ከሁሉ ይበልጣል። በገመዱ ሥር ሾልካ ገባች፤ የአጥር ሽቦ አስገባችበት፤ ሁለት ወንዶች ጠርታ «ግፉ!» አለቻቸው።

ከዚያ የተሰማውን ድምፅ ልገልጽልዎ አልችልም። ማንም አልተጎዳም፤ በሩ ወደ ወዲያ በኩል ነው የወደቀው። መምህራኑና ወይዘሮ ንኩቤ እየሮጡ መጡ።

«ቱቤሊህሌ! ይህ በር ዕድሜው ከአያትህ ይበልጣል!»

«ለዚህ ነው እንዴ የሚነቃነቀው?» አለች ኖሲሳ።

ከመምህራኑ አንዷ ሳቀች። ወይዘሮ ንኩቤ ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ ፊሪ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እመቤቴ» አለ፣ «እኔ የባቡር ሠራተኛ ሳለሁ ይህን በር ሃያ ዓመት ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ያን ጊዜም በየጣቢያው ይወድቅ ነበር። እዚህ ከመጣ ወዲህ በትክክል ሲሠራ ያየሁት ዛሬ ነው።» ከዚያ መዶሻ አምጥቶ የማጠፊያውን ዘንግ በሦስት ምት መለሰው። የተላጠው ቀለም ግን እንደተላጠ ነው።

በኋላ ቢሯቸው ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጆቹ በጣም ወደውታል» አሉ። «ግን በጣት፣ በጥርስና በቅርስ በር የሚሰጥ ትምህርት ይዤ የሙዚየሙ ኮሚቴ ፊት አልቀርብም። እስከ ጁን 20 እጠብቅሃለሁ። ያን ቅዳሜ መሣሪያ ይዘህ፣ ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ ካስተማርክ ይቀጥላል። ካልሆነ ትምህርቱን እንዘጋና የምቦኒሲን ፒንሳ ከፎቶግራፉ ጋር በመስታወት ሳጥን እናኖረዋለን፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ። እሱም ክብር ነው።»

ክብር መሆኑን አውቃለሁ። እሳቸውም ከልባቸው ነው ያሉት። ግን ምቦኒሲ ቁጥር ተለጥፎበት ከዚያ በር አጠገብ እንዲቆም አልፈልግም። ትንሹ አባዬ፣ ከጁን 20 በፊት ይምጡልን። የመሣሪያው ነገር ያለ እርስዎ አይፈታም።

ልጅዎ ቱቤሊህሌ


ቡላዋዮ፣ እሑድ ሜይ 31 ቀን 1998

ለተከበሩ ትንሹ አባቴ፣

ጤናዎን እንመኛለን። ሁለት ሳምንት ጠብቄ መልስ ስላጣሁ ነው እንደገና የምጽፈው። ዱቤ ዕቃውን በእጅዎ እንደሰጠዎት ነግሮኛል።

አክስቴን ለመንኳቸው። «ያለ ማሉንጊሳ አካፋውን ማን ያጥበዋል? ዝናቡ?» አሉኝ። «ወንድሜ ለቀብር አልመጣም፤ ለአካፋ አልመጣም። ለቢራ ብትጠራው ግን በአውሮፕላን ነው የሚመጣው።» ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያሉትን ነው የጻፍኩት። ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዱቤ የድሮው ቤትዎ እንዳላገኘዎት ነገረኝ። ዕቃውን የተቀበሉት መንገድ ዳር ቆመው፣ ግራና ቀኝ እያዩ ነው አለኝ። «ሰው የሚጠብቅ ሳይሆን ሰው የሚፈራ ነው የሚመስለው» አለ። ታመዋል? እናቴ ይህን አልሰማችም፤ ለእሷ አልነገርኳትም። እውነቱን ቢጽፉልኝ እችለዋለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ቱቤሊህሌ


ጆሃንስበርግ፣ ጁን 6 ቀን 1998

ልጄ ቱቤሊህሌ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ። አልታመምኩም። ከዚህ በታች ያለውን ካነበብክ በኋላ ለእናትህም ለአክስትህም ልትነግራቸው ትችላለህ።

ፓስፖርቴ ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆነው። የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮት ሄደ። ፖሊሶች በየቤቱ ሲፈትሹ ጊዜ ቤት ቀየርኩ፤ ለዚህ ነው ዱቤን መንገድ ላይ ያገኘሁት። አለቃዬ ፈቃድ አልከለከለኝም፤ ጠይቄው አላውቅምና። ድንበሩን ወደ እናንተ ብሻገር ወደ ሥራዬ የምመለስበት በር የለም። ወረቀቱን ለማደስ ጀምሬያለሁ፤ እስከ ገና ያልቃል ብለውኛል።

ለምቦኒሲ ቀብር «ሥራ ያዘኝ» ብዬ ልኬባችሁ ነበር። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝም። ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ነው የዋልኩት። የላክህልኝን ፎቶግራፍ ሳይ ይህን መዋሸት ከበደኝ። ልጁ እንዴት ረዘመ!

አሁን የምነግርህን አድርግ። ከዚህ ወረቀት ጋር የሥራ ኮፍያዬን ልኬልሃለሁ፤ እንዳታጥበው። በሚቀጥለው እሑድ አክስትህ ግቢ ሰው ሰብስቡ፤ ወንበሬን አውጡ፤ ኮፍያውን ወንበሩ ላይ አድርጉት። እኔ የተቀመጥኩ ያህል ነው። አያቶቻችን ሩቅ ሳሉ በትራቸውን ይልኩ ነበር፤ እኔ በትር የለኝም። ከዚያ የሚከተለውን ቆመህ፣ ጮክ ብለህ አንብብ። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለም፤ ምንም አትላክልኝ።

«እኔ ማሉንጊሳ ሲዚባ፣ ከሩቅ ሆኜ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አካፋዎቹ ይታጠቡ። መቃብሩን የቆፈሩ እጆች ይባረኩ። የምቦኒሲ ብስክሌት ለወንድሙ ለቱቤሊህሌ ይሁን። ካፖርቱ በለቅሶው ሌሊቱን ሙሉ አብሯችሁ ላደረው ለጎረቤታችን ለማሴኮ ይሁን። ሻንጣው ለእናቱ ነው፤ ራሷ ትክፈተው። ፒንሳውን በተመለከተ፣ እስከ ዛሬ የጠበቀችው እኅቴ ኖማቴምባ ናት። አስቀድማ እሷ ትጠየቅ። የምትለው ይሁን።»

የመጨረሻውን ስታነብ ልብህ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ግን እሷን ዘልዬ ፒንሳውን ላንተ ብሰጥህ፣ ፒንሳውን ታገኛለህ፤ አክስትህን ታጣለህ። እኅቴን ከአንተ በፊት አውቃታለሁ።

ትንሹ አባትህ


ቡላዋዮ፣ እሑድ ጁን 21 ቀን 1998

ለተከበሩ ትንሹ አባቴ፣

ሌላ ኮፍያ እስኪያገኙ ድረስ ፈጣሪ ራስዎን በጥላው ይከልልዎ። ያኛው ከእኛ ጋር ይቆያል፤ አክስቴ «ራሱ መጥቶ ይውሰደው» ብለዋል።

የፓስፖርቱን ነገር መጀመሪያ ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጡና «ሁለት ዓመት?» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰድበው ኖርኩ።» ከዚያ ኮፍያውን ተቀብለው በመዳፋቸው ጠረጉት። አትጠቡት እንዳሉ ስነግራቸው፣ «ማን ሊያጥበው ነው? ሳሙናው ያልቃል» አሉ።

ባለፈው እሑድ ሰው መጣ። ወንበሩን ከማንጎው ዛፍ ሥር አወጣን፤ ኮፍያውን አስቀመጥንበት። ከዚያ አቶ ማሴኮ ወደ ወንበሩ ሄደው፣ ዝቅ ብለው፣ «እንደምን ዋልክ ሲዚባ» አሉት። እያንዳንዱ ሰው እየተነሳ ሰላም አለው።

«ኮፍያው ከባለቤቱ ይሻላል» አሉ አክስቴ። «በጊዜው መጣ፤ ቢራም አይጠይቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ የሳቋን ድምፅ ረስቼው ነበር።

ወንዶቹ አካፋዎቹንና ዶማዎቹን በትልቁ ገንዳ አጠቡ፤ ውሃው መጀመሪያ ቀይ፣ በኋላ ጥርት ያለ ሆነ። ከዚያ ቆሜ አነበብኩ። ብስክሌቱ ላይ ስደርስ ያንኑ መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ አቶ ማሴኮ «ቀስ ብለህ፣ የትም አንሄድም» አሉኝ። እናቴ ሻንጣውን እዚያው ፈታችው። ከሸሚዞቹ መካከል ለእሷ የገዛው ቢጫ ሻሽ ነበር፤ ዋጋው እንኳ አልተነቀለም። አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ እስክንለያይ ድረስ እጇን ከላዩ አላነሳችም።

ስለ ፒንሳው ሳነብ ሰው ሁሉ ወደ አክስቴ ዞረ። ወይዘሮ ንኩቤም ለቤተሰቡ ክብር ብለው መጥተው ነበር፤ ቦርሳቸው ውስጥ የሙዚየሙ ቅጽ እንዳለ አውቃለሁ። አክስቴ ተነሱ፤ ፒንሳውን የምቦኒሲ ዕቃ ከተደረደረበት ምንጣፍ ላይ አነሱ፤ ከፍተው ዘጉት።

«ይህ የእኔ ነው» አሉ። ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ትንሹ አባዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን ሰዓት እርስዎንም እሳቸውንም ጠላኋችሁ። የማንጎውን ግንድ ነው ስመለከት የነበረው።

ወይዘሮ ንኩቤ በቀስታ፣ «እማማ፣ እንግዲያው ለሙዚየሙ ቢያውሱን፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ በክብር...» ብለው ጀመሩ።

«መስታወት ውስጥ የሚገባው ዓሣ ነው» አሉ አክስቴ። «ይህ ፒንሳ ነው። ሥራ አለው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትመጣ አልሰጥህም። ከሰዓት በኋላ ትመልስልኛለህ፤ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብተርህን ትይዛለህ። በታሪክ ስንተኛ እንደወጣህ የማላውቅ መስሎሃል?»

«ታዲያ ለምን አንዴውኑ አይሰጡኝም?»

«አንዴውኑ ከሰጠሁህ ከዚያ በኋላ መቼ ትመጣለህ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምቦኒሲ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሙዚየሙ ሲያልፍ እዚህ ሻይ ይጠጣ ነበር። እኔ አሁንም የሁለት ሰው ነው የማፈላው። አንዱን ኩባያ እስከ መቼ ልድፋው?»

ይህን እኔም እናቴም አናውቅም ነበር። በጠዋት ከቤት የሚወጣው መንገዱ ስለሚርቀው ይመስለን ነበር። እርስዎ ግን አውቀው ነበር መሰለኝ።

ትናንት በብስክሌቱ ሄድኩ። ብርዱ ከባድ ነበር፤ የአክስቴ ግቢ ሣር በውርጭ ነጭ ሆኗል። በሩ ክፍት ነው። ሻዩ በጣም ጣፋጭ ነበር፤ ለምቦኒሲ የተለካ ስኳር ነው። እኔ እንደዚያ አልወድም፤ አልተናገርኩም፤ ጨርሼ ጠጣሁት። ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና «ሂድ፣ ትዘገያለህ» አሉኝ። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ፊሪ ከፈተልኝ። የፉርጎው በር ላይ «አትንኩ» የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፏል። «ለልጆቹ አይደለም፤ ላንተ ነው» አለኝ። ከዚያ ወንበሩን ይዞ ወደ ውጭ ሄደ። «ዛሬ አልገባም። ዛሬ ብቻህን ነህ» አለ።

ጠረጴዛዎቹን ጠረግኩ። ሽቦ በክንዴ እየለካሁ ዐሥራ አራት ቆረጥኩ፤ ጫፎቹን አጠፍኩ፣ ዓይን እንዳይወጉ። ለመኪናዎቹ መብራት የሚሆኑትን የጠርሙስ ቆርኪዎች በየሳህኑ አከፋፈልኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዐሥራ አንድ ልጆች መጡ፤ ትንሽ ቆይተው ሦስቱ። ኖሲሳ ዙሪያውን አየችና «ዛሬ በር የለም?» አለችኝ።

«በር የለም።»

«ታዲያ ምኑ ደስ ይላል?» አለች። ሆኖም ተቀመጠች፤ ከሁሉ ቀድማም ጎማ ጨረሰች።

ወይዘሮ ንኩቤ አንድ ጊዜ በመስኮቱ አዩን፤ አልገቡም። ሲወጡ ለፊሪ «የሚቀጥለውን ወር ማስታወቂያ አሳትማለሁ» እንዳሉት ነግሮኛል።

መሐል ላይ ዴሊሳ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ፒንሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰጠው ደስ ብሎት ሽቦውን መሐል ለመሐል ቆርጦታል። የያዘው ከክንዱ ያጥራል፤ ሌሎቹ የጭነት መኪና እየሠሩ ነው። ሁሉም ሥራቸውን አቁመው እኔን አዩኝ። ምቦኒሲ እንዲህ ሲሆን ምን ይል እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ስለዚህ አጠገቡ ተንበርክኬ የራሴን ነገርኩት።

«አጭር ሽቦ የሚባል የለም» አልኩት። «አጭር መኪና ነው ያለው። አጭር መኪና ሥራ።»

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ሽቦውን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ማጠፍ ጀመረ። እኔም ተነስቼ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄድኩ።